የካንሰር ሴል ኤንኤዲኤች ከበዛለት በሰማያዊ መብራት ስር ለምን ይጨልማል?

ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለስ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ባዮኬሚስትሪ ላይ የተማርነው እንዲህ ነው። የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለለት እንኳ ግሉኮስን በግላይኮሊሲስ (ኦክስጅን በማይፈልገው አጭር መንገድ) ማቃጠል ይመርጣል። ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያየው ነገር ማለት ነው። ከዚያ ኤንኤዲኤች (ከነዳጁ የወጣውን ኤሌክትሮን የሚሸከመው ሞለኪውል) ይጠራቀማል። ኤንኤዲኤች ደግሞ በአልትራቫዮሌት ሲመታ ራሱ ብርሃን ይሰጣል፣ ምንም ቀለም ሳይጨመርበት። እስከዚህ ገብቶኛል።

ታዲያ በዚህ ስሌት የአፍ ካንሰር ከጤነኛው ቦታ በልጦ ማብራት ነበረበት አይደል? ግን በሰማያዊ መብራት የተነሱትን የአፍ ፎቶዎች ስመለከት ጤነኛው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ ካንሰሩ ያለበት ቦታ ግን ጥቁር ጉድጓድ መስሎ ይታያል። ፍጹም ተቃራኒ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ላብ ልጅ

አልተሳሳትክም። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አድርገህ ነው ያየሃቸው። እኔም መጀመሪያ ወደዚህ ሥራ ስገባ በዚሁ ተደናብሬ ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

መጀመሪያ ሴሉን ብቻውን እንየው። ሴል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልሱ ሁለት ተሸካሚዎች አሉ፣ ኤንኤዲኤች እና ኤፍኤዲ። ጸባያቸው ተቃራኒ ነው። ኤንኤዲኤች ሸክሙን እንደያዘ ያበራል፣ ሸክሙን ሲያወርድና ኤንኤዲ ሲሆን ይጠፋል። ኤፍኤዲ ግን ባዶ እጁን ሲሆን ነው የሚያበራው፣ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ኤፍኤዲኤችቱ ሲሆን ይጠፋል። ኤንኤዲኤች 340 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ይነሳሳና 460 አካባቢ ሰማያዊ ይሰጣል። ኤፍኤዲ 450 አካባቢ ይነሳሳና ከ520 እስከ 535 ባለው ውስጥ አረንጓዴ ይሰጣል።

ስለዚህ የሁለቱን ብርሃን ለክተህ ኤፍኤዲን ለሁለቱ ድምር ብታካፍለው ሴሉ ነዳጁን እንዴት እያቃጠለ እንደሆነ የሚነግር ቁጥር ታገኛለህ። ሬዶክስ ሬሾ የሚባለው ይሄ ነው። መንገዱን የጠረገው ተመራማሪው ብሪተን ቻንስ ነው፣ በ1950ዎቹና 60ዎቹ። ማይቶኮንድሪያው (ሴሉ ውስጥ በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ኦክስጅን ካጣ ኤንኤዲኤች ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ ስለሌለው ይከማቻል፣ ሬሾውም ይወርዳል።

አሁን ልብ በል። ይሄ ሁሉ የሴሉ ታሪክ ነው። አፍ ግን ሴል ብቻ አይደለም። የላይኛው ሽፋን (ኤፒተልየሙ) ስር ኮላጅን (ቲሹውን የሚያጠነክረው የፕሮቲን ክር) አለ፣ ደም ስር አለ። አንተ ያየኸው ፎቶ ላይ ያለው አረንጓዴ በአብዛኛው ከዚያ ከታች የመጣ ነው።

ዝምተኛው

እኔም ይሄን ጥያቄ መጠየቅ እያፈርኩ ነበር። ቀጥሉ፣ እየተከታተልኩ ነው።

የአፍ ሐኪም

ላብ ልጅ ጥሩ አድርገህ ጀምረኸዋል። እኔ ከሕክምና ወንበሩ በኩል ያለውን ልጨምር።

እጃችን ላይ ያለው መብራት አልትራቫዮሌት አይደለም። ቬልስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ለምሳሌ ከ400 እስከ 460 ናኖሜትር ያለ ሰማያዊ ብርሃን ነው የሚለቀው። ኤንኤዲኤችን በደንብ የሚቀሰቅሰው 340 አካባቢ ያለው ስለሆነ በዚህ መብራት ብዙም አይነካም። ስለዚህ ተማሪው የጠበቀው የኤንኤዲኤች ብርሃን ቢኖር እንኳ እኛ አናየውም።

የምናየው በዋናነት ኮላጅንን ነው። ኮላጅን የሚያበራው ክሮቹን እርስ በርስ በሚያስተሳስሩት ማያያዣዎች ምክንያት ነው። ሽፋኑ ወደ ካንሰር ማምራት ሲጀምር በአካባቢው ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይበዛሉ፣ እነሱም ኮላጅኑን ይቆራርጡታል። አንድ።

ሁለተኛው ደም ነው። ሄሞግሎቢን ከምንም በላይ የሚውጠው 415 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፣ እሱ ደግሞ ልክ የመብራታችን ክልል ነው። በአረንጓዴውም በኩል 540 እና 577 አካባቢ ይውጣል። ማለትም ብርሃኑን ሲገባም ሲወጣም ይበላዋል። ደም የበዛበት ቦታ ሁሉ ይጨልማል።

ሦስተኛ፣ ሽፋኑ ራሱ ይወፍራል፣ ሴሎቹ ይጨናነቃሉ፣ ኒውክሊየሳቸው ይተልቃል። ከታች የሚመጣው ብርሃን ወደ ላይ ለመውጣት ይቸገራል።

ሦስተኛ ዓመት

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። ግን አሁን ሌላ ነገር መጣብኝ። እንዲህ ከሆነ ጥቁሩ ከሜታቦሊዝም (ሴሉ ነዳጁን ከሚያቃጥልበት መንገድ) ጋር ምንም ግንኙነት የለውማ? ኮላጅንና ደም ነው እያሉን ያሉት። ታዲያ ስለ ሬዶክስ ሬሾ የሚጻፈው ሁሉ ለምንድነው?

ላብ ልጅ

የለም፣ አለው። እንደውም ለእኔ የዚህ ርዕስ ዋናው ቁምነገር እሱ ነው።

በቀጥታ ያለው ትንሹ ነው። ሰማያዊው መብራት 450 አካባቢን ስለሚነካ ኤፍኤዲን ይቀሰቅሳል። ሴሉ ወደ ግላይኮሊሲስ ሲያዘነብልና ተሸካሚዎቹ ሸክም ሲበዛባቸው የሚያበራው ኤፍኤዲ ይቀንሳል። ስለዚህ በአረንጓዴው ላይ ሴሉም የራሱን ያህል ያጨልማል። ከኮላጅኑ ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነው።

በተዘዋዋሪ ያለው ነው ትልቁ። አንድ ግሉኮስ በግላይኮሊሲስ ብቻ ሲቃጠል ሴሉ የሚያተርፈው 2 ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ምንዛሪ) ነው። በማይቶኮንድሪያ በኩል ሙሉ በሙሉ ቢያቃጥለው 30 ገደማ ያገኝ ነበር። ስለዚህ ግሉኮስ በብዛት ይጎትታል፣ ላክቴትም በብዛት ይተፋል። አካባቢው አሲድ ይሆናል። ሴሎቹ በፍጥነት ሲባዙ ኦክስጅን ያጥራቸዋል፣ ያኔ ኤችአይኤፍ-1 የሚባለው ፕሮቲን ይነሳል። እሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ግላይኮሊሲሱን ይባስ ያጠናክረዋል፣ ቪኢጂኤፍን አስነስቶ ደግሞ አዲስ ደም ስር ያስበቅላል። አሲዱም ኮላጅን የሚቆርጡትን ኢንዛይሞች ያግዛል።

አሁን ዶክተር ከላይ የጻፉትን መልሰህ አንብበው። ደም ሲበዛ ይጨልማል፣ ኮላጅን ሲፈርስ ይጨልማል። ሁለቱም ላይ የሜታቦሊዝሙ እጅ አለበት! በአጭሩ ያው የተለወጠ ሜታቦሊዝም ሴሉ ውስጥ ያለውን ኤንኤዲኤች ያበራዋል፣ በዙሪያው ያለውን ሰፈር ግን ያጨልመዋል። በየትኛው ብርሃን እንዳየኸው ነው ልዩነቱ።

ይሄ ዝም ብሎ ግምት አይደለም። የሪቻርድስ-ኮርቱምና የጊለንዋተር ቡድን በ2008 ባወጡት ሥራ ገና ሕያው የሆነ የአፍ ቲሹን በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሽፋን በሽፋን አይተውታል። ዲስፕላዥያ (ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል የሴሎች መዛባት) ባለበት ቲሹ ላይ የኤፒተልየሙ ብርሃን ጨምሯል፣ ከስሩ ያለው የስትሮማው (ኮላጅኑና ደም ስሩ ያለበት ንብርብር) ብርሃን ግን ቀንሷል። አንተ የጠበቅከውም ፎቶው ያሳየህም ሁለቱም እውነት ናቸው፣ በተለያየ ፎቅ ላይ።

ሦስተኛ ዓመት

ፎቅ በፎቅ! አሁን ገባኝ። በጣም ነው ያመሰገንኩት።

ፓቶ

በደስታ ከመለያየታችን በፊት እኔም የምለው አለኝ። እዚያው የ2008ቱ ሥራ ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው። ካንሰር ያልሆነ ብግነት ባለበትም ቲሹ የስትሮማው ብርሃን ይቀንሳል። ማለትም ከላይ ሆኖ በመብራት ለሚያይ ሰው ተራ ብግነትና ዲስፕላዥያ መንታ ይመስላሉ። የሚለያዩት ኤፒተልየሙ ላይ ነው፣ መብራቱ ደግሞ ኤፒተልየሙን ለብቻው አያሳይም።

እኔ በየሳምንቱ ናሙና የማየው ሰው ነኝ። "ብርሃን ጠፍቶበታል" ተብሎ ተጽፎበት የሚመጣው ናሙና ውስጥ ላይከን ፕላነስ (ካንሰር ያልሆነ የአፍ ሽፋን ብግነት) አገኛለሁ፣ የተነከሰ ጉንጭ አገኛለሁ፣ ቁስል አገኛለሁ። ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ነው የበለጠ የሚያስፈራኝ። ኬራቲን (የሽፋኑን ላይ የሚያጠነክረው ፕሮቲን) ራሱ ክፉኛ ያበራል። ወፍራም ነጭ ሽፋን ያለበት ሉኮፕላኪያ በመብራቱ ስር ደማቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ከስሩ ዲስፕላዥያ ተኝቶ እያለ። የበራ ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ ታካሚውን የሚያሰናብት ሰው ካለ እባካችሁ ይሄን አሳዩት።

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በ2017 መመሪያው ላይ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና እነዚህን የብርሃን መሣሪያዎች አጠራጣሪ ቁስልን ለመመዘን እንዲጠቀሙባቸው አልመከረም። አጠራጣሪ ከሆነ ባዮፕሲ (ናሙና ቆርጦ መመርመር) ነው።

የአባቷ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የምትሉት ሳይንሱ ግማሹ አልፎኛል። ግን ፓቶ የጻፉትን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

አባዬ ባለፈው ዓመት የታችኛው ድድ ጎን ቁስል ወጣበት። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። መብራቱን አበሩና መነጽር አድርገው አዩት። ጥቁር ነው አሉ። ከዚያ ባለሙያው እዚያው አባዬ ፊት "ይሄ ካንሰር ነው፣ ቶሎ ሄዳችሁ አስቆርጡ" አለን። ናሙና አልወሰደም። አባዬ ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለአራት ቀን እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። እኔ ሌሊት ሌሊት እሱ እንዳይሰማኝ ሻወር ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

ሌላ ሐኪም ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የጠየቁት ስለሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ነው። አስወለቁት። ጠርዙ ልክ ቁስሉ ላይ ነበር የሚያርፈው። ጥርሱን ሳያደርግ ሁለት ሳምንት እንዲቆይና ተመልሶ እንዲመጣ ቀጠሩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁስሉ ድኖ አልቋል። እስከ ዛሬ ያልገባኝ መብራቱ ለምን ጥቁር እንዳሳየ ነበር። ደም ስለበዛበት ነው ማለት ነው?

የአፍ ሐኪም

እህቴ፣ አዎ፣ በትክክል እሱ ነው። ጥርሱ ሲፈገፍገው ቦታው ይቆጣል፣ ደም ይሰበሰባል፣ ሄሞግሎቢኑ ብርሃኑን ይውጠዋል። መብራቱ አልዋሸም። "እዚህ ጋ ብርሃን ጠፍቷል" ነው ያለው። ከዚያ ወደ "ካንሰር" የዘለለው ሰውየው ነው። በመብራት ብቻ ለታካሚ ያንን ቃል መናገር አይገባም፣ ለአባትሽም ለአንቺም በጣም አዝናለሁ።

ሁለተኛው ሐኪም ያደረጉት ልክ ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ማንሳት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት መጠበቅ። ያኔ ካልዳነ ናሙና ይወሰዳል።

አንድ ቀላል ዘዴም አለ። በመብራቱ እያያችሁ ጥቁሩን ቦታ በመስታወት ስላይድ ወይም በመሣሪያ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ደሙ ገሸሽ ሲል አረንጓዴው ከተመለሰ ያጨለመው ደም ነበር ማለት ነው። ኮላጅኑ ከተበላ ግን ብትጫኑትም አይመለስም። ፍጹም ባይሆንም የሚረዳ ፍንጭ ነው።

የአባቷ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ይሄን ለአባዬ አነብለታለሁ።

ብርቱካን ምላስ

በመሃል ገብቼ አንድ ልጠይቅ። የራሴን ምላስ በእንዲህ ያለ መብራት አይቼው ጀርባው ላይ ቀይ ብርቱካናማ ነገር ያበራል። እሱስ ሜታቦሊዝም ነው?

ላብ ልጅ

ነው፣ ግን የአንተ አይደለም። የባክቴሪያዎቹ ነው። ፖርፊሪን የሚባል ነገር ይሠራሉ፣ እሱ 405 አካባቢ ሲነካ 635 አካባቢ ቀይ ይሰጣል። ጥርስ ላይ ያለ ቆሻሻም እንዲሁ ያበራል። ቁስለት ያለበት ዕጢ ላይም ቀይ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ከምርመራ በፊት አፍን መጉመጥመጥና መጥረግ ጥሩ ነው።

ጠርዝ

የቀዶ ሕክምና ተለማማጅ ነኝ። እኛ ጋ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ካንሰሩ በዓይን ከሚታየው በላይ እንደሚዘልቅ እናውቃለን። መብራቱ የጠፋበትን ጠርዝ ተከትለን ብንቆርጥ ተመልሶ የመምጣቱ ነገር አይቀንስም? የመጀመሪያዎቹን ሪፖርቶች ሳነብ በጣም ተስፋ የሚሰጡ ነበሩ።

ፓቶ

ተስፋ ይሰጡ ነበር፣ ትክክል ነህ። ግን እነሱ ወደ ኋላ ዞሮ መዝገብ በማየት የተሠሩ ነበሩ። ካናዳ ውስጥ በዕጣ ተመድቦ የተሠራው ትልቁ ሙከራ፣ ኩልስ የሚባለው፣ በ2020 ውጤቱ ወጣ። በመብራቱ የተመራው ቡድንና በተለመደው ነጭ ብርሃን የተቆረጠው ቡድን በቦታው ተመልሶ በመምጣት ረገድ የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። እኔ ራሴ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ይሠራል ብዬ ከልቤ ጠብቄ ነበርና። ግን ከላይ የተባለውን ካሰብከው አይገርምም። የምትከተለው ጠርዝ የደምና የኮላጅን ጠርዝ ነው፣ የሴሉ ጠርዝ አይደለም።

ጠርዝ

ታዲያ የሴሉን ጠርዝ እንዴት ነው የምናየው?

ላብ ልጅ

እኔ ሌሊት የምሠራበት ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው።

የብርሃኑን መጠን መለካት ትተህ ብርሃኑ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ትለካለህ። ኤንኤዲኤች ከተነሳሳ በኋላ ብርሃኑን እስኪለቅ የሚፈጀው ጊዜ አለ። ብቻውን ሲንሳፈፍ 0.4 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ኢንዛይም ላይ ተጣብቆ ሲሆን ግን ብዙ እጥፍ ይረዝማል፣ 2 ናኖሰከንድና ከዚያ በላይ። በማይቶኮንድሪያ የሚሠራ ሴል ውስጥ የተጣበቀው ይበዛል። ወደ ግላይኮሊሲስ ያዘነበለ ሴል ውስጥ የሚንሳፈፈው ይበዛል፣ አማካይ ጊዜውም ያጥራል። የተጣበቀው ራሱ ደግሞ የያዘው ኢንዛይም ሲቀየር ጊዜው ይቀየራል።

ለምንድነው ይሄ የሚያጓጓው? ደም ብርሃኑን ሲውጠው መጠኑ ይቀንሳል፣ የቀረው ብርሃን የሚቆይበት ጊዜ ግን ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ ከላይ የተነገረውን የአባትየውን ቁስል የመሰለ ነገር የማሳሳት ዕድሉ ይቀንሳል። በ2007 የስካላ ቡድን በሃምስተር ጉንጭ ላይ በሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ፣ እንስሳው በሕይወት እያለ፣ ይሄን ለክተዋል። ካንሰር ገና ሳይሆን፣ በቅድመ ካንሰር ደረጃ፣ የተጣበቀው ኤንኤዲኤች ጊዜ አጥሮ ተገኝቷል።

አስቸጋሪውን ልንገርህ። የናኖሰከንድ ክፋይ የሚለካ መሣሪያ ውድ ነው፣ የሚያየው ቦታ ጠባብ ነው፣ ብርሃኑም ደካማ ነው። የጉንጭ ኤፒተልየም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፣ የአፍ ወለል ግን ስስ ነው። አንዱ ጋ የሠራልህ ሌላው ጋ ከኮላጅኑ ተደባልቆ ይመጣል። በዚያ ላይ ኤንኤዲፒኤች የሚባለው ወንድሙ ተመሳሳይ ቀለም ስላለው ሁለቱን በቀለም መለየት አይቻልም።

አዲስ ገቢ

እኔ የተቆረጡ ናሙናዎች ላይ ኤንኤዲኤች እየለካሁ ነው፣ ሁሉም ከፍ ብሎ ይወጣል። ጤነኛውም ጭምር። መሣሪያው ነው እያልኩ ሦስት ጊዜ አስተካክያለሁ።

ላብ ልጅ

መሣሪያውን ተወው። ናሙናው ከተቆረጠ ስንት ደቂቃ ሆኖታል? ደም ከተቋረጠ ኦክስጅን የለም፣ ኦክስጅን ከሌለ ኤንኤዲኤች የሚያራግፍበት የለውም፣ ይከማቻል። ጤነኛውም ካንሰሩም አንድ ዓይነት ታፍነዋል ማለት ነው። እኔ በዚህ ስህተት ሁለት ወር አባክኛለሁ፣ አንተ እንዳትደግመው። ኦክስጅን የሚነፋበት ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ አስገባው፣ ሰዓቱንም መዝግብ።

አዲስ ገቢ

አርባ ደቂቃ ገደማ... እሺ። ነገ ጠዋት ከዜሮ እጀምራለሁ።

ሦስተኛ ዓመት

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለዶክተር። ስንጫነው አረንጓዴው ተመለሰ እንበል። የሚፈገፍግ ነገርም አገኘንና አነሳን። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ቁስሉ ግን አሁንም አለ። ብርሃኑ ስለተመለሰ ትንሽ መታገስ ይቻላል?

የአፍ ሐኪም

አይቻልም። ባዮፕሲ፣ በዚያው ቀን።